ጋሽ ደምሴ ማሊያ የለበሱ ዕለት

ጋሽ ደምሴ ማረፋቸውን የሰማሁት ሮማ፣ ፒኜቶ ሰፈር ትራም ስጠብቅ ነው። የድሮ የቡድን ጓደኛዬ ታደለ ከአዲስ አበባ ደወለና እንደ ልማዱ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ሮማ ሙቀት ጠይቆኝ ሲያበቃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "የት ነህ አሁን?" አለኝ። መንገድ ላይ እንደሆንኩ ነገርኩት። "እንግዲያው የምትቀመጥበት ፈልግ" አለ። ፌርማታው ላይ ያለችውን ወንበር አንዲት ጣልያናዊት አሮጊት ከነውሻዋ ይዛት ስለነበር ቆሜ ሰማሁት። ትራሙ መጥቶ ሄደ። የሚቀጥለውም መጥቶ ሄደ። ሴትዮዋ ምን ሆነህ ነው ብላ ጠየቀችኝ። "አሠልጣኜ ሞቱ" ስላት ቁመቴን ሽቅብ አየችና ውሻዋን አቅፋ ቦታውን ለቀቀችልኝ።

ሰው ሲሞት "ደግ ነበር" ማለት የተለመደ ነው። እኔ እንደሱ ብዬ አልጀምርም። ጋሽ ደምሴ ቁጡ ነበሩ። ግትር ነበሩ። አንድ ነገር ከያዙ በግሬደርም አይነቀሉም። በደርግ ዘመን የብሔራዊ መረብ ኳስ ቡድናችን አሠልጣኝ ነበሩ፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የናዝሬት የስፖርት አስተማሪ ናቸው። በዚያ ላይ አጭር ነበሩ። እኛ ለሁለት ታጥፈን በምናልፍበት መረብ ሥር እሳቸው አንገታቸውን ሰበር አድርገው ብቻ ያልፉ ነበር። እኔን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ "መለሎ" ነበር የሚሉኝ። ሲናደዱ "አንተ መለሎ"፣ በጣም ሲናደዱ ደግሞ "አንተ የከንቱ መለሎ"።

ማመስገን አያውቁም። ጥሩ የተጫወተ ሰው ሲያዩ ኳሱን ያነሱና በሹራባቸው እጅጌ ጠርገው ይሰጡታል፤ በቃ፣ ሽልማቱ ያው ነው። ኳስ ፊቱ ስትወድቅ ቆሞ ያየን ሰው ግን ወዮለት። "ጉልበትህን ለማን ነው ያስቀመጥከው? ለቀብርህ?" ይሉታል። እኛ የምንጫወተው አቧራ ሜዳ ላይ ወይም ሲሚንቶ ላይ ነበርና ለኳስ መውደቅ ማለት ቆዳ መላላጥ ማለት ነው። የሁላችንም ጉልበት ጠባሳ ነበር። የእሳቸውም ጭምር።

አንድ የማይለውጡት ሥርዓት ነበራቸው። ሜዳ ሳይረጭ ጨዋታ አይጀመርም። ሁለት ልጅ ባልዲ ይዞ ከዳር እስከ ዳር ውሃ በእጁ ይረጫል፣ አቧራው ይተኛል፣ ከዚያ ሰውነት ማሟሟቅ ይጀመራል። ዝናብ ዘንቦ ባደረበት ቀን እንኳ ለደንቡ ያህል ጥቂት ያስረጩን ነበር። ቅድም ያልኩት ግትርነት ይኸው ነው። ይህ ልማድ ሮማ ላይ ምን ጉድ እንዳመጣብን እነግራችኋለሁ።

ጣልያን አገር ለወዳጅነት ጨዋታ ተጋበዛችሁ ሲባል ማንም አላመነም። በዐሥር ቀን አራት ጨዋታ። እውነቱን ለመናገር ቡድናችን ብሔራዊ የሚለውን ስም ያዘ እንጂ ያለን አንድ ሙሉ ማሊያና ሁለት ደህና ኳስ ነበር። ዐሥር ተጫዋቾች ተመረጥን። ከኛ ጋር የቡድን መሪ ሆነው የሚሄዱት ጓድ ሙላት የሚባሉ ካድሬ ነበሩ። ስለ መረብ ኳስ የሚያውቁት ነገር ቢኖር ኳሱ ክብ መሆኑን ነው።

በዚያን ጊዜ ከአገር ለመውጣት ተያዥ ያስፈልጋል። ተያዥ ማለት "ይህ ሰው ባይመለስ ተጠያቂው እኔ ነኝ" ብሎ የሚፈርምልህ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ሌሎቹ አጎት ወይም የአባት ጓደኛ አላጡም። እኔ ያለችኝ እናቴ ናት። በላይነሽ ትባላለች፣ አዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ታላቅ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬው አልተሰማም። የኔም ስም ቀበሌ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ከጉዞው ስመለስ ተራዬ ነው። እናቴ ፈርማልኝ ከቢሮው ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆማ የሸሚዜን ኮሌታ እያስተካከለች "አንዱን ሰጥቻለሁ። አንተ እንዳትመለስ" አለችኝ።

"አንቺስ? አሁን ፈረምሽ እኮ።"

"እኔን ምን ያደርጉኛል? መጥረጊያዬን ይወስዱብኝ?"

ምን እንደሚያደርጓት እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። የስፖርት ቢሯችን ጸሐፊ፣ የፈረመችለት ወንድሟ ውጭ በቀረ ጊዜ፣ ስድስት ወር ታስራ ነበር።

ሮማ ስንደርስ መነኩሲቶች በሚያስተዳድሩት አንድ የእንግዳ ማረፊያ አሳደሩን፤ ኤስኲሊኖ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ነው። ጓድ ሙላት ፓስፖርታችንን ሰብስበው አንድ ጥቁር ቦርሳ ውስጥ ከተቱት። ቦርሳዋን ሲበሉም ጭናቸው ላይ ያስቀምጧታል።

በማግስቱ ልምምድ ሄድን። የስፖርት አዳራሹ ወለል እንጨት ነው፣ እንደ መስታወት ያበራል። ከመካከላችን እንዲህ ያለ ወለል ረግጦ የሚያውቅ አልነበረም፣ ጋሽ ደምሴም ጭምር። ዞር ዞር ብለው አዩት፣ ጎንበስ ብለው ዳሰሱት፣ ከዚያ "ታደለ፣ መለሎ፣ ባልዲ ፈልጉ" አሉ።

ታደለ አምበላችን ነው። "ጋሼ፣ እዚህም ይረጫል እንዴ?" አላቸው።

"ሜዳ አይደለም? ሜዳ ከሆነ ይረጫል።"

ከጽዳት ዕቃ ማስቀመጫው ባልዲ አግኝተን ረጨን። ሥራችንን ደግሞ በደንብ ነው የሠራነው፤ ጥግ ጥጉን ሳይቀር። የአዳራሹ ጠባቂ በር ከፍቶ ሲገባ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ "ማ ኬ ፋቴ! ማ ኬ ፋቴ!" እያለ ጮኸ፤ ምን እየሠራችሁ ነው ማለቱ ነው። በዚያው ቅጽበት ዮሴፍ፣ ያለን አንድ ለእናቱ መቺ፣ ለመዝለል ተንደርድሮ ተንሸራተተና ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። እግሩ ወዲያው አበጠ። ጨዋታው ሳይጀመር ዘጠኝ ቀረን።

ከሰዓት በኋላ ጓድ ሙላት ስብሰባ ጠሩ። "ይህ ተራ አደጋ አይደለም። ውሃውን የረጨው ማን ነው?" አሉ። እኔና ታደለ አንገታችንን ደፋን። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ በቀላሉ "አሻጥር" ወደሚባል ነገር ይሄዳል።

ጋሽ ደምሴ ተነሱ። "እኔ ነኝ" አሉ።

"እርስዎ ባልዲ ይዘው ሲረጩ ያየ አለ?"

"ያዘዝኩት እኔ ነኝ። እነሱ እጅ ናቸው። ከነገ ጀምሮ ሜዳ አይረጭም። ሌላ አጀንዳ አለ?"

ሌላ አጀንዳ አልነበረም።

የመጀመሪያውን ጨዋታ ሦስት ለባዶ ተሸነፍን። ሦስቱም ዙር ተደምሮ አንድ ሰዓት አልሞላም። የሸራ ጫማችን በዚያ ወለል ላይ አይቆምም፤ ኳስ ልንይዝ ስንሮጥ እያለፍናት እንሄዳለን። ተመልካቹ ክፋት አልነበረውም፣ ግን ይስቃል። በሁለተኛው ጨዋታ እትዬ ለተብርሃን መጣች። አሥመራ ተወልዳ እዚያው በአማርኛ የተማረች፣ ሮማ ውስጥ በአንድ ሀብታም ቤት የምትሠራ ሴት ናት። ያኔ ወደ ዐርባ ትጠጋለች። የኛን መንሸራተት ከላይ ተቀምጣ አይታ ኖሮ ከዚያ በሦስተኛው ቀን ከምታውቃቸው ሰዎች ቤት የለቀመችውን አሮጌ የጎማ ጫማ በከረጢት ይዛልን መጣች። አንዱ ጫማ ለኔ ልክ ሆነ። ለእግሬ ልክ የሆነ ጫማ በሕይወቴ ያገኘሁት ያኔ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ጫማውን ስታቀብለኝ ቀስ ብላ "አሎራ፣ የኔ ልጅ፣ አንተም ልትመለስ ነው?" አለችኝ። አጎንብሼ የጫማውን ክር ማሰር ያዝኩ። "ቫ ቤኔ፣ ይሁን" አለች፤ "እሑድ ከጨዋታው በኋላ በፓሌስትራው፣ በዚህ አዳራሽ የኋላ በር እቆማለሁ። ካልወጣህም አልቀየምህም። ካሳውን፣ የምታድርበትን ቤት፣ አስቤበታለሁ፣ ዶኩሜንቲውን ደግሞ ቀስ ብለን እናያለን።"

ሌሎቹ ግን እሑድን አልጠበቁም። ከሁለተኛው ጨዋታ በኋላ ጠዋት ለቁርስ ስንወርድ ሁለት ወንበር ባዶ ሆኖ አገኘነው። ከሦስተኛው ጨዋታ በኋላ ደግሞ ሌላ ሁለት። መነኩሲቷ ያልተነካውን ዳቦ እያነሳች በዓይኗ ትጠይቀናለች። አምስት ቀረን። ለመረብ ኳስ ስድስት ሰው ያስፈልጋል፤ አንድ ቢጎድል መሸነፍህ ይታወጃል፣ ጨዋታ የለም።

ጓድ ሙላት ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። አሁን ሳስበው እሳቸውም ፈርተዋል። "ታመዋል ብለን ለጋባዦቹ እንነግራለን። ቅዳሜ በሚወጣው አውሮፕላን ሁላችሁንም ይዤ እገባለሁ" አሉ።

"እሑድ ጨዋታ አለብን" አሉ ጋሽ ደምሴ።

"በአምስት ሰው?"

"በስድስት።"

"ስድስተኛው ማን ነው?"

ጋሽ ደምሴ ዳቦ እየቆረሱ ነበር፤ ቀና እንኳ አላሉም። "እኔ ነኝ።"

ታደለ ሳቁን ሊያፍን ሲል ሻዩ ትን አለው። እኔ ግን አፍኜ የምይዘው ዓይነት ሰው አይደለሁምና ከት ብዬ ሳቅኩ። ጋሽ ደምሴ አርባ ሰባት ዓመታቸው ነበር። "ሳቅ፣ መለሎ" አሉኝ። "ሦስት ጊዜ ተሸንፈናል። ተሸንፎ መግባት ያለ ነገር ነው። ሳልጫወት ሮጬ ገባሁ ብዬ ግን ናዝሬት ላሉት ልጆቼ አልነግራቸውም።"

ጓድ ሙላት ወረቀት አወጡ። የቀሩት ተጫዋቾች ባይመለሱ በግል ኃላፊ መሆናቸውን ካልፈረሙ እሑድ የሚባል ነገር የለም አሉ። ጋሽ ደምሴ አነበቡት። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና ፈረሙ። ከአምስታችን አንዱ፣ እኔ፣ ለመቅረት ወስኜ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት "ና እንራመድ" ብለው ኤስኲሊኖ ገበያው ዘንድ ይዘውኝ ወጡ። ጓድ ሙላት ከሃያ እርምጃ ኋላ ከነቦርሳቸው ይከተሉናል። ጋሽ ደምሴ የቲማቲም ክምር እያዩ፣ የዓሣ ዋጋ በእጅ ምልክት እየጠየቁ፣ ምንም ሳይገዙ ሄዱ ሄዱና በመጨረሻ፣

"መለሎ፣ ከረቡዕ ወዲህ ጨዋ ሆነሃል" አሉኝ።

"ድሮ ባለጌ ነበርኩ እንዴ ጋሼ?"

"ድሮ አንድ ነገር ሳዝህ ሦስት ጊዜ ትከራከረኛለህ። አሁን 'እሺ ጋሼ' ብቻ ነው። እነዚያም አራቱ ሊጠፉ ሲሉ እንዲህ ጨዋ ሆነውብኝ ነበር።"

ዞር ብዬ ጓድ ሙላትን አየሁ፤ ገና ሃያ እርምጃ ኋላ ናቸው።

"ነገን ተጫወትልኝ" አሉኝ። "ከዚያ በኋላ ያለውን አልጠይቅህም።"

"የፈረሙት ወረቀትስ?"

"የፈረምኩት እኔ። አንተ ምን አገባህ?"

ያን ጊዜ አፌ ተፈታ። ስለ ወንድሜ፣ ስለ ቀበሌው፣ እናቴ ደረጃው ላይ ስላለችኝ ሁሉ ነገርኳቸው። ተያዤ እሷ መሆኗን ስናገር ቆም አሉ።

"ስማቸው ማን ነው?"

"በላይነሽ።"

"የት ነው የሚሠሩት?"

ሆስፒታሉን ነገርኳቸው። በየትኛው ክፍል፣ ስንት ዓመት እንደሠራች ሁሉ ጠየቁኝ። ለምን እንደሚጠይቁኝ አልገባኝም፤ ለወሬ ያህል መስሎኝ ነበር። ከዚያ "እሳቸው አትመለስ ካሉህ እሳቸውን ስማ። ነገ ግን ለእያንዳንዷ ኳስ ትወድቅልኛለህ" አሉ።

"እርስዎስ ለምን አይቀሩም?" አልኳቸው።

"ምን ልሠራ? እዚህ ሜዳ አይረጭም" አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ጉዞ ሳቁ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። አዳራሹ ሞልቷል። ወሬው ተሰምቶ ኖሮ ሮማ ባለው በተባበሩት መንግሥታት የምግብ ድርጅት የሚሠሩት ኢትዮጵያውያን ከነቤተሰባቸው መጥተዋል፣ ክራቫታቸውን አስረው። የኤምባሲ ሰዎች በአንድ በኩል ተቀምጠዋል፣ የምግብ ድርጅቱ ሰዎች ደግሞ ከኛም ከኤምባሲም እንዳይቆጠሩ ብለው መሰለኝ ከጣልያኖቹ መሀል ገብተዋል። እትዬ ለተብርሃን ብቻ ከመጀመሪያው ረድፍ ነች።

ጋሽ ደምሴ የዮሴፍን ማሊያ ለብሰው ወጡ። ማሊያው ጉልበታቸው ድረስ ነው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ዳኛው ሁለቴ ወደ ጠረጴዛው ሄዶ ተማከረ፣ የጣልያኖቹ አምበል ጭምር ተጠየቀ፤ ልጁ ትከሻውን ነቅንቆ ይጫወቱ አለ። በመረብ ኳስ ሕግ ተጫዋቾች በየተራ ቦታ ይቀያየራሉና ጋሽ ደምሴም ተራቸው ሲደርስ መረቡ ሥር መቆማቸው ግድ ነው። እዚያ ሲቆሙ ከወዲያ በኩል ያሉት ጣልያኖች የሚያዩት ባዶ ቦታ ነው።

የመጀመሪያውን ዙር ዐሥራ አምስት ለአራት፣ ሁለተኛውን ዐሥራ አምስት ለሰባት ወሰዱት። የሚገርመው ግን ሳቁ እየቀነሰ መሄዱ ነው። ጋሽ ደምሴ ወድቀው ይነሳሉ፣ ወድቀው ይነሳሉ። አንዴ ለኳስ በደረታቸው ሲንሸራተቱ አገጫቸው ተሰንጥቆ ማሊያው ደም በደም ሆነ። ዳኛው ጨዋታ ሊያስቆም ሲል በጣታቸው "ቀጥል" አሉት። እኛስ ምን እንሁን? እሳቸው እንደዚያ ሲሆኑ ቆመን ልናይ ነው? እኔ በሕይወቴ ያን ቀን የወደቅሁትን ያህል ወድቄ አላውቅም። ጫማዬ ወለሉን ይዞልኛል፣ ክርኔ ተልጧል፣ ወዴት እንደምሄድ፣ ማን በር ላይ እንደሚጠብቀኝ ሁሉ ረሳሁት።

ሦስተኛው ዙር ዐሥራ ሦስት ለዐሥራ ሦስት ደረሰ። ኳስ የማስጀመሩ ተራ የጋሽ ደምሴ ሆነ። ሲያልፉ "መለሎ፣ መብራቱን አይተኸዋል?" አሉኝ። ቀና ብዬ ሳይ ጣራው ላይ ትልልቅ አምፖሎች ተሰቅለዋል። ያኔ ገባኝ። ናዝሬት ላይ ረፋድ ላይ ስንጫወት ኳሱን ከሥር መትተው ወደ ሰማይ ይልኩትና ፀሐይ ውስጥ ይከቱታል፤ ተቀባዩ ሽቅብ ሲያይ ዓይኑ ይታወርና ኳሱ ራሱ ላይ ያርፋል። ስንት ጊዜ በዚህ ቀልደውብናል! ሁለት ዙር ሙሉ ጣራውን ሲያጠኑ ነበር ማለት ነው።

ኳሱን በሹራባቸው እጅጌ ሊጠርጉ እጃቸውን አነሱ፤ ሹራብ የለም። በማሊያው ጠረጉት። ከሥር መቱት። ኳሱ ወጣ፣ ወጣ፣ አምፖሎቹ መሀል ጠፋ። ሁለት ጣልያኖች አፋቸውን ከፍተው ሽቅብ እያዩ ተጋጩ። ኳሱ በመሀላቸው ወደቀ። ዐሥራ አራት። ሁለተኛውም እንዲሁ ወጣ፤ ይህንን አንዱ ነካው፣ ግን ወደ ተመልካቹ ነው የላከው። ዐሥራ አምስት ለዐሥራ ሦስት። ከዚያ ሁሉ ዙር ያሸነፍነው ያንን አንድ ዙር ነው። ከጣልያኖቹ መሀል የተቀመጡት ክራቫታም አባወራዎች ብድግ ብለው በአማርኛ ሲጮሁ ሰማሁ፤ አንዱ ቆሞ ያለቅሳል። ጣልያኖቹም ቆመው ነበር።

አራተኛውን ዙር በሰፊው ተሸነፍን። ጨዋታው ሦስት ለአንድ አለቀ። ከሜዳ ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ጋሽ ደምሴ ድንገት ተዘረሩና "እግሬን! ጓድ ሙላት፣ እግሬን ያዙልኝ፣ ጡንቻዬ ተኮማተረ!" ብለው ጮኹ። ጓድ ሙላት ደንግጠው ተንበረከኩ፣ ቦርሳዋን ጉልበታቸው መሀል አጣብቀው እግራቸውን ይዘው ይስባሉ። ጋሽ ደምሴ በጓድ ሙላት ትከሻ በላይ አዩኝ። አገጫቸው ገና ይደማል። በዚያው አገጫቸው ወደ ኋላ በር አመለከቱኝ። ከዚያ ይባስ ብለው ጮኹ።

ወጣሁ። ሳልሰናበት፣ ላቤ ሳይደርቅ፣ ማሊያውን እንደለበስኩ። እትዬ ለተብርሃን ኮት አልብሳኝ ወደ ትራሙ ጎተተችኝ። "አሎራ፣ አታልቅስ፤ ሰው ያይሃል" ትለኛለች፣ እሷም ታለቅሳለች።

አምስት ጠፍተን አምስት ተመለሱ። ጋሽ ደምሴ አውሮፕላን ጣቢያ እንደደረሱ መያዛቸውን የሰማሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው። አዲስ አበባ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ታሰሩ። ያንን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፍኩት መናገር አልወድም። እናቴ ግን በሰው እጅ በላከችው የመጀመሪያ ደብዳቤ "ማንም አልጠራኝም፣ ሥራዬ ላይ ነኝ። ገብርኤል ጋርዶኛል" ብላ ነበር። ማን ለአንዲት ጽዳት ሠራተኛ ይጨነቃል፣ ረስተዋት ነው፣ ዕድለኞች ነን ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ብዬ ሳስብ ስንት ዓመት ኖርኩ።

ደርግ ወድቆ ፔርሜሶዬም፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ተስተካክሎ አገር ቤት የገባሁ ጊዜ ከእናቴ ቤት ቀጥሎ የሄድኩት ናዝሬት ነው። ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ አገኘኋቸው፤ ሴት ተማሪዎችን ያሠለጥናሉ። አገጫቸው ላይ ጠባሳው አለ። በጉልበቴ ልወድቅ ስል ባልዲ አስጨበጡኝ። "መጣህ? ያንን ጥግ እርጭልኝ፣ እነዚህ ልጆች አይችሉበትም።" ይቅርታ ልጠይቅ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ለልጆቹ የሦስተኛውን ዙር ታሪክ ያወራሉ። እሥር ቤቱን በግድ ሳነሳባቸው "አዎ፣ ትንሽ ከስቼ ነበር" ብቻ አሉኝ። ምሳ ቤታቸው በላን፣ ባለቤታቸው አጎረሱኝ፣ አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ ሸኙኝ። ይቅርታዬን ሳልናገር ሮማ ተመለስኩ።

ታደለ የሞታቸውን ወሬ በነገረኝ በሳምንቱ እንደገና ደወለ። ቀብሩን ነገረኝ፣ ከዚያ "በሕይወት ሳሉ እንዳልናገር አስምለውኝ ነበር" አለ።

እንደተመለሱ ሁሉም ተጠርተው ተመርምረው ነበር። ጓድ ሙላት ባቀረቡት ሪፖርት ላይ የጠፉት የአምስቱ ተጫዋቾች ተያዦች በሙሉ እንዲታሰሩ ጠይቀዋል። ጋሽ ደምሴ ወረቀት ስጡኝ አሉ። "አምስቱም እንዳይመለሱ ያዘዝኳቸው እኔ ነኝ። ተያዦቻቸው የሚያውቁት ነገር የለም" ብለው ጻፉ። ታደለንና ሌሎቹን እናንተም ሰምታችኋል፣ ፈርሙ አሏቸው። "ውሸት ነበር" አለኝ ታደለ። "ማንንም አላዘዙም። አምስታችንም ውሸቱን ፈረምን።"

እናቴ በየዓመቱ ለገብርኤል ጧፍ እያበራች ኖራ ሞተች። ለቅዱሱ ደግ አደረገች፤ ግን ለአንድ ሰውም ማብራት ነበረባት፣ ስሙንም አታውቅም። እኔ ስሙን አውቃለሁ። ቤቱ በልቻለሁ። ሜዳውን ረጭቼለታለሁ። እናም አንዲት ቀን እንኳ "አመሰግናለሁ" አላልኩትም። አንቱታው ከአፌ የጠፋው ሐዘኑ አሸንፎኝ ነው፣ ጋሼ ይቅር ይበሉኝ።

የዚያኑ ዕለት ናዝሬት ለባለቤታቸው ደወልኩ። ስሜን ብነግራቸው አላወቁኝም። መረብ ኳስ አልኩ፣ ሮማ አልኩ፤ ልጄ፣ ብዙ ናችሁ እኮ አሉኝ። በመጨረሻ "እናቴ በላይነሽ ትባላለች፣ ሆስፒታል ነበር የምትሠራው" አልኳቸው።

"የበላይነሽ ልጅ ነህ?" አሉኝ።

"እሥር ቤት የለቀቁት ቀን" አሉኝ ቀስ ብለው፣ "ከጠዋት ጀምሮ ስጠብቀው የመጣው ወደ ማታው ላይ ነው። የት ቆየህ ስለው ሆስፒታል ሄጄ ነበር አለኝ። ታመህ ነው ብዬ ደነገጥኩ። 'አይ፣ በላይነሽ የሚባሉ ሴትዮ ሥራቸው ላይ መሆናቸውን ለማየት ነው። በር ላይ ቆሜ ኮሪደሩን ሲወለውሉ አየኋቸው' አለኝ። ከዚያ በኋላ ነው ልጆቹን የሳመው።"